ገመዱን እስከ አርብ ስድስት ሰዓት እንድንፈታ ላዘዙን ክቡር ሊቀመንበር

ስቶቭነር፣ ኦስሎ
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ አርብ ቀትር ላይ የተጠናቀቀ

ይድረስ ለተከበሩት የኤልግስቲ ቦረትስላግ የቤቶች ማኅበር ሊቀመንበር፤
በባሕር ዳርቻ ባለው የዕረፍት ቤትዎ።

ክቡር ሆይ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የባለቤትዎ፣ የውሻዎ፣ በተለይም የጀልባዎ ጤንነት እንደምን ነው? እኛ የሕንፃ ቁጥር ስምንት ነዋሪዎች ይህ ደብዳቤ እስከሚጻፍበት ሰዓት ድረስ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ ከነገ ከሰዓት በኋላ ስለሚሆነው ግን በመጀመሪያ በአላህ ፈቃድ፣ ቀጥሎም በእርስዎ መመሪያ ላይ ተጥለን እንገኛለን።

ምናልባት ስሜ አምልጦዎት ከሆነ ይመር እባላለሁ፤ እርስዎ ሰባተኛው ላይ በሚኖሩበት በዚህ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አሥራ አንድ ዓመት የኖርኩ፣ የከተማ አውቶቡስ እየነዳሁ የማድር የወሎ ሰው ነኝ። በእነዚህ ዓመታት ደረጃው ላይ አምስት ጊዜ ያህል ተገናኝተን፣ አምስቱንም ጊዜ እኔ ሰላምታ ሳቀርብ እርስዎ ስልክዎን እየተመለከቱ ስላለፉ፣ በወጉ የምንነጋገርበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ይህ እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ።

ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍኩት ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት ሳይጎድል እንዲወጣ ብዬ ነው። ልጄ ሰብሪና ወደ ኖርዌይኛ ልትመልስልኝ ቃል ገብታልኝ ነበር፤ ሆኖም የመጀመሪያውን ገጽ አንብባ ሳቀችብኝና «ናይ፣ አይሆንም ፓፓ፣ ኖርሽክ ላይ ይሄ ሁሉ ክብር የለም እኮ። ‹ሃይ› ብለህ ነው የምትጀምረው» አለችኝ። እንግዲህ ወደ እርስዎ ሲደርስ «ሃይ» ብቻ ሆኖ ቢያገኙት፣ ክብሩ በትርጉም መንገድ ላይ የቀረ እንጂ እኔ የነፈግሁዎ አለመሆኑን ይወቁልኝ።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ኦድቫር የሚባል አውሎ ነፋስ ከሰሜን ባሕር ተነሥቶ ወደ ኦስሎ እየመጣ ነው። በዚህ አገር ለአውሎ ነፋስ ስም ይወጣለታል፤ ለዚህኛው የደረሰው የጡረተኛ ስም ቢሆንም አመጣጡ ግን የጡረተኛ አይደለም። አርብ ቀትር ላይ ዳርቻውን፣ ከዚያም ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ከተማችንን እንደሚመታ ከሰኞ ጀምሮ ሲነገር ሰንብቷል። ማስጠንቀቂያው ሰኞ ቢጫ ነበር፣ ማክሰኞ ብርቱካናማ ሆነ፣ ትናንት ረቡዕ ደግሞ ቀይ ሆነ። ወንዱ ልጄ ሂሻም ሞስ ወደብ ላይ መኪና በሚያሻግር ፌሪ የሚሠራ በመሆኑ ወሬው ለእኔ በራዲዮ ብቻ አልመጣም፤ ወደቡ ላይ ያሉት ጀልባዎች ሁሉ እየታሰሩ መሆናቸውን፣ የእነሱም ፌሪ አርብ ከስድስት ሰዓት በፊት እንደሚቆም፣ ሃያ ዓመት ባሕር ላይ የኖረው ካፒቴናቸው እንኳ ሰሞኑን ቀልዱን እንደተወ እየደወለ ይነግረኛል።

ልጄ ከባሕሩ አጠገብ፣ ባለቤቴ ከመስኮቱ አጠገብ ሆነውብኝ እኔ መሀል ላይ ቆሜ ስለምጨነቅ፣ ሐሳቤ እዚህም እዚያም ቢረግጥ አይፍረዱብኝ። እንግዲህ ለዚህ ሁሉ ያደረሱኝን ውለታዎችዎን፣ ቅሬታ ብላቸው እንዳላስቀይምዎ፣ ምስጋና ብዬ በተራ ቁጥር አቅርቤያለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ስቲላሱ አመሰግናለሁ። ነሐሴ ላይ ሕንፃችን ቀለም ሊቀባ ነው ተብሎ ከመሬት እስከ ሰባተኛ ፎቅ ስቲላስ የሚሉት የብረት መወጣጫ ቆሞልናል፤ ዝናብ እንዳይገባ ተብሎም ከላይ እስከ ታች በነጭ ላስቲክ ተሸፍኗል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሰማይ ማየት ስለቀረልን በየጠዋቱ ጃኬት ልልበስ ወይስ ጃንጥላ ልያዝ እያልን ከመጨነቅ ተገላግለናል። ባለቤቴ ጁመና ከሦስት ሳምንት በፊት የዳሌ አጥንቷን በቀዶ ጥገና ታክማ ከአልጋ መውረድ ስለማትችል፣ አልጋዋም መስኮቱ ሥር በመሆኑ፣ ከሁላችንም በላይ ይህን ነጭ ላስቲክ የምታውቀው እሷ ናት። ቤታችን ባለ አንድ መኝታ ነው፤ የሳሎኑም የመኝታውም መስኮት የሚያየው ወደዚያው ወደ ስቲላሱ ነው።

ቀለም ቀቢዎቹ ከሁለት ሳምንት በፊት የላዩን ፎቆች ለመቀባት እንዲመቻቸው ብረቱን ከግድግዳው ጋር የሚያያይዙትን ማሰሪያዎች ፈቱ፤ ከፈቱም በኋላ ሌላ ቦታ ሥራ ተገኘላቸው መሰለኝ፣ ማሰሪያውን ሳይመልሱ ላስቲኩን ግን ሳያነሡ ሄዱ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል፤ የእርስዎ ሰዎች ግን በአረምም አልተመለሱም።

ይህን እኔ ከራሴ አላመጣሁትም። አራተኛ ፎቅ የሚኖር በቃሉ የሚባል ጎረቤት አለን፤ እንጀራው ይኸው ነው፤ ለሌላ ድርጅት ስቲላስ ሲተክልና ሲነቅል ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ማክሰኞ ከሥራ ሲመለስ ለምኜው ላስቲኩን ገለጥ አድርጎ አየ፤ በቃሉ ቸርቻቸው ውስጥ ማይክ ከያዘ አይለቅም ይባላል፤ ያን ቀን ግን ባጭሩ ጨረሰ። «ጋሽ ይመር፣ ከሦስተኛ ፎቅ በላይ አንድም ማሰሪያ የለውም። ቆሞ ያለው ስላልነፈሰ ብቻ ነው» አለኝ።

ሁለተኛ፤ ስለ ትራምፖሊኑ አመሰግናለሁ። አውሎ ነፋሱን አስመልክተው ለነዋሪዎች ሁሉ የላኩት ማሳሰቢያ አንድ ገጽ ሙሉ ሲሆን፣ ትራምፖሊን የሚባለው የልጆች መዝለያ እንዲታሰር፣ የአበባ ማሰሮ ከበረንዳ እንዲገባ፣ የሥጋ መጥበሻም ክዳኑ እንዲገጠም በጥንቃቄ ያዛል። ሰባት ፎቅ ከፍታ ስላለው ብረት ምንም ባይልም፣ ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና የማስረው ትራምፖሊን ፍለጋ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ሕንፃ ቁጥር ስምንት ትራምፖሊን የለውም፤ ስድስት ዓመት ሆነው፣ አደጋ ያመጣል ብለው ያስነሡት እርስዎ ነዎት። ባዶ እጄን ላለመመለስ የሰብሪናን አሮጌ ብስክሌት አሰርኩ።

ሦስተኛ፤ ስለ ፈጣን ምላሽዎ አመሰግናለሁ። ሰኞ ጠዋት ስለ ስቲላሱ በማኅበሩ የስልክ መተግበሪያ በኩል ስጽፍልዎ መልሱ አንድ ደቂቃ አልፈጀም፤ ጥያቄዬ እንደደረሰና በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ እንደሚታይ መተግበሪያው ራሱ መለሰልኝ። ማክሰኞ በድጋሚ ስጽፍ በድጋሚ መለሰልኝ። ወደ ቀለም ቀቢዎቹ ኃላፊ ስደውል በዕረፍት ላይ መሆኑን የሚናገር ደስ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወደሚመለከተው የመንግሥት ቢሮ ስደውል ደግሞ አንዲት ትሑት ሴት አዳምጠውኝ ሲያበቁ፣ ለሕንፃው ደኅንነት ኃላፊው ባለንብረቱ እንደሆነ፣ ባለንብረቱም ማኅበሩ እንደሆነ፣ ማኅበሩን የሚወክሉትም እርስዎ እንደሆኑ አስረዱኝ። በዚህ አኳኋን ሁለት ቀን ሙሉ ከተማውን በስልክ ዞሬ የደረስኩት በተነሣሁበት ቦታ ነው፤ አውቶቡስ ነጂ ስለሆንኩ ለዚህ ዓይነቱ መንገድ እንግዳ አይደለሁም።

በመጨረሻ ረቡዕ ጠዋት ራስዎ ከባሕር ዳርቻው ጻፉልኝ። ጉዳዩ በሚቀጥለው ማክሰኞ በሚደረገው ስብሰባ ላይ አራተኛ አጀንዳ ሆኖ እንደተያዘ ሲያበሥሩኝ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ነፋሱ የሚመጣው አርብ ነው። በአገራችን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባል ተረት አለ፤ የእኛ ውሻ ግን ቢያንስ ለመጮህ አጀንዳ አያስይዝም።

አራተኛ፤ ስለ ዱግናድ ላስተማሩኝ ትምህርት አመሰግናለሁ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን በግልጽ ማመን እፈልጋለሁ። ወደዚህ አገር ስንመጣ ዱግናድ ማለት ጎረቤት ተሰብስቦ በነፃ የሚሠራው ሥራ ነው ሲሉን፣ እኛ በየዋህነታችን ደቦ መሰለን። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እያንዳንዱ ዱግናድ ላይ ቅጠል ጠርጌ፣ አጥር ቀብቼ፣ ቋሊማ በዳቦ እየቀረበልኝ (የእኔን ከአሳማ የጸዳ እያደረጉ፣ ለዚህ በእውነት አመሰግናለሁ) ይህንኑ እንዳመንኩ ኖርኩ። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት በመልስዎ ላይ መልስ ጽፌ፣ እንግዲያው ለዛሬ ዱግናድ ይጠራልንና ሁላችንም ወጥተን ላስቲኩን እናውርደው ብዬ ለመንኩ።

ዱግናድ ከአሥራ አራት ቀን በፊት በጽሑፍ ማስታወቂያ እንደሚጠራ፣ የበልጉም የመኸሩም ቀን በዓመቱ መጀመሪያ እንደሚወሰን፣ የዘንድሮው የመኸር ዱግናድ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት እንደተጠናቀቀ በትዕግሥት አስረዱኝ። አሁን ገብቶኛል፤ ደቦ የሚጠራው ሥራው ሲደርስ ነው፣ ዱግናድ የሚጠራው ቀኑ ሲደርስ ነው። እንግዲህ ነፋሱ ቀድሞ ያልተመዘገበ በመሆኑ ማንም ሊረዳን እንደማይችል ስረዳ፣ ዱግናዱን ለእርስዎ ትቼ ወደ ደቦዬ ተመለስኩ።

እኛ የስቶቭነርና የአካባቢው ሐበሾች እድር አለን። እድራችን ድንኳን አለው፤ ድንኳኑም ሆነ ገመዱ የሚቀመጠው ምድር ቤት ባለችው የእኔ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ለእድርተኛው ብደውል በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ አሥራ አንድ ሰው መጣ፤ ከፉሩሴት የመጣ አለ፣ ከሊንደሩድ የመጣ አለ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ፈረቃውን ከጓደኛው ተቀያይሮ ገዋኑን ሳያወልቅ የመጣም አለ። በቃሉ የሥራ ቆቡንና የደኅንነት ቀበቶውን ታጥቆ ብቻውን ላይ ወጣ፤ ሌላ ሰው እግሩን ብረቱ ላይ እንዳያሳርፍ ከልክሎ እኛን መሬት ላይ አቆመን። ላስቲኩን ከሰባተኛ እስከ አራተኛ ፎቅ እየጠቀለለ አሰረው፤ ዋናው ነገር ይህ እንደሆነ፣ ላስቲኩ እንዳለ ነፋስ ከመጣበት ብረቱን እንደ ድንኳን ነቅሎ እንደሚጥለው፣ ገመዱ ለተጨማሪ ዋስትና ብቻ እንደሆነ እየነገረን ነበር። እኛ ከታች ሆነን አምስቱን ገመድ የሕንፃው የኮንክሪት ምሰሶ ላይ እየጠመጠምን ስንጎትት፣ ግማሹ «ቢስሚላህ»፣ ግማሹ «በኢየሱስ ስም» እያለ ስለነበር ከሁለቱም ወገን እርዳታ ሳይላክልን አልቀረም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል እየሰማን አድገን፣ ስቶቭነር ላይ ብረት አሰርንበት።

ይህ ገመድ ከዕቃ ቤት የሚወጣው ሰው ሲሞት ብቻ ነበር። ለቅሶ ሳይኖር ያወጣነው ይህ የመጀመሪያችን ነው፤ ያወጣነውም ለቅሶ እንዳይኖር ነው።

አምስተኛ፤ ስለ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎ አመሰግናለሁ። ሰኞ ለጻፍኩት አሥር የሥራ ቀን የሚያስፈልገው ጽሕፈት ቤትዎ፣ ረቡዕ ማታ ላሰርነው ገመድ ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት ከፎቶግራፍ ጋር መልስ መላኩን ሳይ፣ ለካ ሲፈልግ መሥራት ይችላል ብዬ ተጽናናሁ። ደብዳቤው ጥፋቴን በአራት ከፍሎታል። ያለ ፈቃድ ስቲላስ ላይ መውጣት፤ የማኅበሩን ላስቲክ መጠቅለል፤ በጋራ ግቢ ውስጥ ብዙ ሰው ሰብስቦ ድምፅ ማሰማት፤ ገመዶቹም አረንጓዴና ብርቱካናማ በመሆናቸው የሕንፃውን ገጽታ ማበላሸት።

ስለ ፈቃዱ፣ ለሦስት ቀን ስለምን ኖሬያለሁ። ስለ ድምፁ፣ ገመድ ሲጎተት ያዝ፣ ልቀቅ መባባል ልማዳችን ነው፤ በሹክሹክታ የሚጎተት ገመድ እስካሁን አላጋጠመኝም። ስለ ቀለሙ ግን ጥፋተኛ ነኝ፤ እድራችን ገመዱን ሲገዛ ከሕንፃዎ ቀለም ጋር መሄድ አለመሄዱን የሚያማክረው ሰው ሳያገኝ ቀርቷል። ለሚቀጥለው ቀብር እናስተካክላለን።

ከሁሉም በላይ የማረከኝ የትእዛዝዎ መጨረሻ ነው። ገመዶቹ እስከ አርብ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ እንዲፈቱ፣ ላስቲኩም ወደ ነበረበት ተመልሶ እንዲዘረጋ፣ ይህ ካልሆነ ቫክትሜስተር የምንላቸው የሕንፃው ጠባቂና ጠጋኝ፣ ክርስቲያን የሚባሉት ሰው መጥተው ገመዱን እንደሚቆርጡት፣ እኔም ተመሳሳይ ድርጊት ብደግም ቤቴን እንድሸጥ ሊታዘዝ እንደሚችል ይላል። ነፋሱ ሞስ ላይ የሚደርሰው በዚያው በስድስት ሰዓት ገደማ ነው። እኔ በዕድሜዬ ብዙ አለቃ አይቻለሁ፤ ኦድቫር እንደደረሰ የሚነፍስበት እንዳያጣ ላስቲኩን በሰዓቱ ዘርግታችሁ ጠብቁት የሚል አለቃ ግን ሲገጥመኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ስድስተኛ፤ ስለ ጀልባዎ ፎቶግራፍ አመሰግናለሁ። ረቡዕ ማታ የነዋሪዎች ገጽ ላይ በለጠፉት ምስል፣ ነጯ ጀልባዎ ከፊት በአራት፣ ከኋላ በአራት ገመድ ታስራ፣ ሽፋኗም ነፋስ እንዳይዘው ተገፎ ተጠቅልሎ፣ እርስዎም አውራ ጣትዎን ወደ ላይ ቀስረው ሲስቁ አይተናል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እንዲሉ ነው። በቃሉ ምስሉን አጉልቶ ከተመለከተ በኋላ አስተሳሰርዎን አድንቋል፤ ሸራ ነፋስ ሳይዘው ገፎ መጠቅለል እንደሚገባ ከማንም በላይ እንደሚያውቁ የተረዳነው ከዚያ ነው። ከገመዶቹም አንዱ ብርቱካናማ ነበር።

ክቡር ሆይ፤

እስካሁን እንደ ጨዋ ሰው ለመጻፍ ሞክሬያለሁ፤ አሁን ግን አንድ ነገር ያለ ሽንገላ ልናገር። ፈርቻለሁ። ከሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አውቶቡሱን እየነዳሁ ዛፍ ሲወዛወዝ ባየሁ ቁጥር ሳላስበው ፍሬን እይዛለሁ። የሂሻም ስልክ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ካልተነሣ ወደ ወደቡ ቢሮ እደውላለሁ። ቤት ስገባ ደግሞ መጀመሪያ የማየው ባለቤቴን ሳይሆን ከራስጌዋ በስተጀርባ ያለውን ብረት ነው፤ ለሃያ ስድስት ዓመት ሚስቴ ለሆነች ሴት ይህ ነውር ነው።

ለአንድ ቀን ከዚያ አታወጣትም ወይ ይሉኝ ይሆናል። ብያታለሁ። ሰብሪና ጓደኛዋ ዘንድ ክፍል አዘጋጅታ፣ ሁለት ሰዎች ከእነወንበሯ ሊያወርዷት ተስማምተው ነበር። ጁመና ሁላችንንም ካዳመጠች በኋላ «እኔ ከዚህ አልነቃነቅም። ከላይም ከታችም ልጅ ያላቸው ሰዎች አሉ። ብረቱ ሲወድቅ የሚመርጥ መሰለህ?» አለችኝ። ሃያ ስምንት ቤተሰብ ያለበትን ሕንፃ ሁሉ በወንበር አላወርደውም። ወጥ ላሞቅ ተነሣሁ።

እንግዲህ የእኔ ጥያቄ ቀላል ነው። ቀለሙ ይቅር፤ መስኮታችን ተሸፍኖ እስከ በጋ ይቆይ፤ የፈለጉትን ያህል ማስጠንቀቂያ ይጻፉልኝ። ኦድቫር እስኪያልፍ ድረስ ግን ገመዱ እንደታሰረ፣ ላስቲኩም እንደተጠቀለለ ይቆይልን። ቅዳሜ ራሴ ፈትቼ፣ አጣጥፌ፣ ምድር ቤት አስገባዋለሁ። ይህን ቢከለክሉኝም ደግሞ ነገ ስድስት ሰዓት ሲሆን እንደማልፈታው በስሜና በቤት ቁጥሬ ፈርሜ ከወዲሁ አሳውቃለሁ። ቤቴን ቢያሸጡኝ፣ የሚገዛው ሰው መስኮት ያለው ቤት ይገዛ ዘንድ ነው።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ላልሰጡኝም መልስ በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ ጀልባዎን ከማዕበል፣ የዕረፍት ቤትዎን ጣሪያ ከነፋስ፣ እርስዎን ደግሞ ከእንዲህ ያለ ረጅም ደብዳቤ አላህ ይጠብቅልኝ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ልጄ ያለው እርስዎ ካሉበት ከዚያው ዳርቻ ነውና በዚያ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ ቀለል ቢል ከእርስዎ ይልቅ የምጠቀመው እኔ ነኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ከእግርዎ በታች ሳይሆን ከበረንዳዎ አምስት ፎቅ በታች የምኖር፣ ታዛዥዎ ልሆን ሞክሬ ያልተሳካልኝ፣

ይመር
ሕንፃ ቁጥር ስምንት፣ ሁለተኛ ፎቅ

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ የስብሰባ መዝገብ፣ አጀንዳ ቁጥር አራት
ለሕንፃ ቁጥር ስምንት የልብስ ማጠቢያ ክፍል በር
ለእድራችን ጸሐፊ፣ ገመዱ የት እንደሄደ እንዳይጨነቅ

ተጨማሪ ማስታወሻ፤ አርብ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ።

ደብዳቤውን አሽጌ ሳልጨርስ ሂሻም ደወለ። ፌሪው ቆሞ ታስሯል፣ እሱም ወርዶ የወደቡ ሕንፃ ውስጥ ገብቷል፤ ነፋሱ ደርሶባቸው ድምፁ በጭንቅ ነው የሚሰማው። ከሁለት ሰዓት በኋላ እናንተ ጋ ነው አለኝ። እዚህ ግቢያችን ውስጥ ቅጠሉ መነሣት ጀምሯል።

በትእዛዝዎ መሠረት ቫክትሜስተር ክርስቲያን ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ቢላዋቸውን ይዘው ደርሰዋል፤ ታማኝ ሠራተኛዎ ናቸውና ይህን በመልካም ጎን እንዲመዘግቡላቸው አደራ እላለሁ። የመጀመሪያውን ገመድ በግራ እጃቸው ያዙት፤ በዚያው ቅጽበት ነፋሱ ገፋ ሲያደርግ ብረቱ ከላይ እስከ ታች አንቋቋ፣ ገመዱም በእጃቸው ውስጥ ተወጠረ። ክርስቲያን ወደ ላይ ተመልክተው ቢላዋቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ከዚያ ገመድ ተርፏችኋል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አንድ ተርፎን ነበር፤ ስድስተኛውን ያሰሩት ራሳቸው ናቸው፣ ከእኛም አስተሳሰር የእሳቸው ይጠብቃል። ለሊቀመንበሩ ምን ልበልልዎ ብላቸው «እዚህ ነበርኩ በልልኝ» ብለው ሄዱ።

ቢላዋውን ለእርስዎ ትተውልዎታል፤ እኛ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ ተቀምጧል። ትእዛዙ የእርስዎ ስለሆነ መቁረጡም ለእርስዎ ይገባል ብለን ማንም አልነካውም። ሲመጡ በሩ አይቆለፍም። መስኮቱ ሥር የተኛችው ባለቤቴ ጁመና ናት፤ ከመቁረጥዎ በፊት ገብተው ሰላም ቢሏት ደስ ይላታል።